ፈቃድ ያለው ጠፋ አሉ

እንደምን ዋልሽ አንቺዬ? ደንበኛ ሲጠፋ ጊዜ ፀጉር ቤቴን ቆልፌ ወረድ አልኩ። ይቺን ቀሚስ ክንዷ ላይ እንድታጠብቢልኝ ነው፣ አያስቸኩልም። ሰው አለሽ እንዴ? መጋረጃው ሥር ጫማ አያለሁ… ወይ ጫማ! እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርግ ሰው ለሱሪውም ይጠነቀቃል፤ ተረጋግቶ ይለካ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

እስከዚያው ጨዋታ ላምጣልሽ። አንዲት ፀጉር ሠሪ አውቃለሁ፤ የምትሠራው ሌላ ሕንጻ ላይ ነው… ሌላ ነው፣ የኛ አይደለም። ያኛውም አራት ፎቅ ነው፣ ያኛውም በሩ ሰማያዊ ነው፣ ምን ይደረግ፣ ሕንጻ ይመሳሰላል። እዚያ ሰው እንዴት ይዋደዳል መሰለሽ! ፀጉር ሠሪዋ የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን ከመሰካቷ በፊት ደረጃው ላይ ወጥታ «ካውያሽን አንሺ!» ብላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ትጣራለች። ልብስ ሰፊዋ ነቅላ እሺ እስክትል ትጠብቃለች። አንዳቸው ከረሱ ሕንጻው በሙሉ ድርግም ነው፤ ጥርስ ሐኪሙ የሰው አፍ አስከፍቶ ጨለማ ውስጥ ይቆማል። የኮሪደሩን ማብሪያ ስትጫኚ ደግሞ የሚጠፋው የሽንት ቤቱ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው የሚለውን እዚህ አልደግመውም። በየትኛው ሕንጻ ነው ተከራይ እንዲህ ቀኑን ሙሉ ሲጠራራ የሚውለው? ሕንጻውን ያሠሩት ሰውዬ ናቸው ያቀራረቡን… ያቀራረቧቸው ማለቴ ነው።

አቤት እሳቸው ዘመድ ሲወዱ! የመብራቱን ሥራ ለማን ሰጡ መሰለሽ? ለሚስታቸው ወንድም። እጁ ወርቅ ነው አሉ። ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥም ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፈዋል፤ ሬዲዮው ግን አንዳንዴ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ እያለ ባዳ ምን ይሠራል? ተከራዮቹ ተሰብስበው ሄደው፣ ጌታዬ ይህ የንግድ ሕንጻ ነው፣ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይየው፣ ቢሏቸው እንዴት አዘኑ! ያልፈለግሁበት የለም፣ አገር ምድሩን አካልያለሁ፣ ለንግድ ሕንጻ ፈቃድ ያለው ሰው ጠፋ፣ አሉ። ድምፃቸው ሁሉ ሰለለ። ፀጉር ሠሪዋማ ይቅርታ ጠይቃ ነው የወጣችው።

ኋላ አንድ ቀን አንዲት ሴት ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ካስክ ሥር ግቢ ስትባል ሶኬቱን አየችው፣ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አደረገችና «እኔን ፎጣ ይበቃኛል» ብላ መስኮቱ ጋ ሄደች። ሥራሽ ምንድን ነው ብትላት የኤሌክትሪክ ባለሙያ። ፈቃድስ? አላት። ለንግድ ሕንጻ? ለዚያው ነው። ቢሮዋ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከሕንጻው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ማዶ፣ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ! ሰውየው መኪናቸውን ሁልጊዜ የሚያቆሙት እሱ ሰሌዳ ሥር ነው። አይፈረድባቸውም፣ ጥላ ፍለጋ ነው… ሰው ለጥላ ብሎ ሲቆም ቀና ብሎ ያነባል እንዴ?

አይተዋወቁ ይሆናል እንዳትዪኝ ደግሞ። የመኖሪያ ቤታቸውን መብራት የዘረጋችው እሷ ናት! «ፈቃዴን ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ መነጽር አድርገው፣ ፊትና ጀርባውን አይተው ነው በር የከፈቱልኝ» አለች። ባለ ወርቅ እጁን ደግሞ የቤታቸውን አምፖል እንኳ እንዳይነካ አስጠንቅቀውታል አሉ። ቤተሰብ ያለው ሰው እንዲህ ነው እንጂ! እኔማ ስሰማ ኮራሁባቸው።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ ልበል?… ሱሪው ጠቦ ይሆናል። ትንሽ አስፊላቸው… አስፊለት፣ ማን እንደሆነ በምን አውቄ።

ያቺ ፀጉር ሠሪ ግን ትፈራለች እህቴ። ይኼን ሳልቀልድ ነው የምነግርሽ። ከካስኩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ይሞቃል፤ ዘግታ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ትነካዋለች። ጠዋት ስትገባ መብራት ከማብራቷ በፊት አየሩን ታሸታለች። የልጆቿ ጉሮሮ ሆኖባት ነው እንጂ ጥላው ትሄድ ነበር። አሁን ደግሞ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሰኞ የሕፃናት መዋያ ሊከፈት ነው። ግድግዳው ላይ ጥንቸል ተሥሏል፣ ትንንሽ ፍራሾች ገብተዋል፣ የማሞቂያ ምድጃም መጥቷል። መብራቱን ማን አየው ብላ ብትጠይቅ፣ ያው የሚስት ወንድም ነው ተባለች። እኔ ይኼን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ አስፋልት መሻገር ነው እኮ የቀረው! ስልክ እንኳ አይፈልግም፤ በመስኮት ቢጠሯት ትሰማለች። ዛሬ ቢሻገሩ ሰኞ ሳይደርስ አይታ ትጨርሰው ነበር… ግን ፈቃድ ያለው ጠፍቷል ብለዋል፣ ታላቅ ሰው ደግሞ አይዋሽም።

በይ ልሂድ፣ ቀሚሴን ስትጨርሺ ጥሪኝ። ሰው አላማሁም መቼም። እንዲያውም መርቄያቸው ነው የምሄደው። እግዜር ለእኚያ ሰውዬ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው፤ መንታዎቹ እንዴት ያምራሉ መሰለሽ፣ ሲያዩዋቸው ፊታቸው ይበራል። ሰኞ በጠዋት አንዱን በቀኝ አንዷን በግራ ይዘው፣ ደረጃውን አብረው ወጥተው፣ ከማንም ሰው ልጅ በፊት እዚያ መዋያ ለማስመዝገብ ያብቃቸው። ጥንቸሉ ሥር ያለው ፍራሽ ለነሱ ይድረሳቸው። ከሶኬቱ ጎን ስለሆነ ግድግዳው ሞቅ ይላል፤ ያለ ብርድ ልብስ ደህና እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አሜን በይ።