በእመቤት ሆድ ውስጥ ያለው

ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የሚውሉበት ቀን ይበዛ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በቤቱ የቀረችው ነፍስ «እመቤት» የምትባለው ግራጫ ድመት ብቻ ናት። ምሳ ሲበሉ የሚያወሩት፣ ሬዲዮ ሰምተው የሚከራከሩት ከእሷው ጋር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ሊያሞቋት በቅርጫት ይዘዋት ደረጃውን ሲወርዱ፣ ላይኛው ፎቅ ከምትኖረው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ጋር ተገጣጠሙ።

«እንደምን አደሩ አባባ? እመቤት ምነው እንዲህ ወፈረች?»

«ውፍረት በሆነ ልጄ! ምግብ ከተወች ሰነበተች። ሆዷ ብቻ ነው የሚነፋው።»

ሐኪሟ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የድመቷን ሆድ ዳሰሰች። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ጠጠር ያለ ነገር ይሰማኛል። አልትራሳውንድ ትነሣ።»

«ለድመት? እኔ ራሴ ያልተነሣሁትን! ድመት ስትታመም ጥግ ይዛ ትተኛለች፤ ወይ ትድናለች፣ ወይ ትሞታለች። ሆድ ይፍጀው ነው።»

«የእመቤትን ሆድ እኮ እየፈጀው ነው!»

ሽማግሌው ሊያመልጣቸው የነበረውን ሳቅ ዋጡት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰዓት ሲቆም ምን ያደርጉ ነበር?»

«ጀርባውን ከፍቼ አያለሁ።»

«እሷን ግን ለማየት ብቻ ብዬ አልከፍታትም። መሣሪያው ሳይከፍት ያሳየኛል፤ አያማትም፣ የሆዷን ጸጉር መላጨት ብቻ ነው።»

«አይሳሳትም?»

«ሊሳሳት ይችላል። ዕጢ ቢኖር የት እንዳለ ያሳየናል እንጂ ክፉ ይሁን ደግ ብቻውን አይነግረንም። ለዚያ ምስሉን እያየን በመርፌ ናሙና እንወስዳለን።»

ሽማግሌው ቅርጫቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«የምፈራው መሣሪያውን አይደለም፤ የምትነግሪኝን ነው። ክፉ ከሆነ ቤት ገብቼ ለማን አወራዋለሁ? ሳላውቅ አብሬያት ልክረም።»

እስከዚያ ድረስ ልማድን ጋሻ አድርገው የተከራከሩት፣ እንግዲህ፣ ልማድን ወደው አልነበረም። ፍርሃት ብዙ ጊዜ የአዋቂ ካባ ደርቦ ይመጣል።

«አባባ፣ ባለማወቅዎ በሽታው አይቀርም፤ የሚቀረው ሕክምናው ነው። የማይድን ቢሆን እንኳ ሕመሟን እናስታግስላታለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?»

ያን ዕለት ከሰዓት ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሟ በመሣሪያው መስታወት ላይ የሚርመሰመሰውን ጥቁርና ነጭ እያመለከተች፣ «ይህ ጉበቷ ነው፤ ይህ ኩላሊቷ። ይህ ግን የማንም አይደለም» አለች። በድመት ላይ እምብዛም የማይታይ ዓይነት ዕጢ ነበር። ቀጥላ የተነሣችው ሲቲ ስካን፣ ውስጧን ይበልጥ አጥርቶ የሚያሳየው ምስል፣ ዕጢው ከአንጀቷ ዙሪያ ካለው ስብ መብቀሉን፣ ጉበቷንም ጣፊያዋንም አለመንካቱን አሳየ። ናሙናው ደግሞ የማይዛመት መሆኑን ገለጠ። ቀዶ ጥገና ተወሰነ።

እመቤት ክሊኒክ ባደረችበት ቀን ሽማግሌው ሬዲዮውን ከፍተው ዘጉት። የሚከራከሩት አጡ። ውኃዋን ቀድተው አስቀመጡላት፤ ከዚያ ትዝ አላቸውና ሳህኑ አጠገብ ብዙ ቆሙ።

ድመቷ ዳነች። ስፌቷ እንዲታይ ተመልሰው ሄደው፣ ታይታ ሲወጡ በመጠበቂያው ክፍል አንዲት ሴት ድመቷን እቅፏ ውስጥ ሸሽጋ ተቀምጣለች።

«ሆዷ ፎቶ ይነሣ አሉኝ» አለች። «ለድመት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር እኅቴ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ምስሉ ራሱ አያድንም። ነገር ግን ሐኪሙ በጨለማ እጁን አይሰድም፤ የሚወጣውን ያወጣል፣ የማይወጣውን ለማውጣት ሲል እንስሳዋን በከንቱ አያሠቃይም። እርስዎም በግምት ከመጨነቅ ይድናሉ።»

ሴቲቱ ድመቷን ከሸሸገችበት ብቅ አደረገቻትና፣ «እሺ፣ ትነሣ» አለች። «ብቻ ውጤቱን አብሮኝ የሚሰማ ሰው የለኝም።»

ሽማግሌው ለመሄድ ያነሡትን የእመቤትን ቅርጫት መልሰው ወለሉ ላይ አስቀመጡና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ቤት የሚጠብቀኝ የለም» አሉ። «አብረን እንሰማዋለን።»