በንብ አንጀት ውስጥ ያለ ብርሃን

ንብ አናቢው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ብቅ ሲሉ ከሟች ወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቱ ከመንገዱ ማዶ ባለው ቤተ ሙከራ የንብ በሽታ ተመራማሪ ናት። ሰላምታውን ሳትጨርስ ዐይኗ በእጃቸው በያዙት የዱቄት መድኃኒት ላይ አረፈ።

«አጎቴ፣ አሁንም ይህን ይሰጧቸዋል?»

«የቀረኝ አንድ ቀፎ ብቻ ነው፣ ልጄ። እሱም እንደሌሎቹ ጭር እስኪል እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

ሰውየው አዲስ ነገር የሚሸሹ አልነበሩም፤ ክፋቱም እሱ ነው። በወጣትነታቸው አንድ የጤና አስተማሪ «ጀርም ሁሉ ጠላት ነው» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን በሳሙና፣ ዕቃቸውን በፈላ ውሃ፣ የንቦቻቸውን ሆድ ደግሞ በፀረ ባክቴሪያ ሲያጥቡ ኖሩ። ንቧ ታመመችም አልታመመችም፣ መድኃኒቱን በስኳር ውሃ በጥብጠው ያጠጧታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጎበዝ ተማሪም አንዳንዴ እንዲሁ ነው።

«በንብ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ» አለች ልጅቱ። «ምግቧን ያብላሉላታል፣ ከክፉ በሽታም ይጠብቋታል። መድኃኒቱ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም።»

«ጀርም ደግሞ ወዳጅ ሆነ! አባትሽ በሕይወት ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር።»

«እንግዲያው መጥተው ይዩዋ!»

ቤተ ሙከራው ጠባብና ቀዝቃዛ ክፍል ነው፤ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል። ልጅቱ ወንበር አቀረበችላቸውና ነገሩን አስረዳቻቸው። እሷና ባልደረቦቿ ከንብ አንጀት አንዱን ወዳጅ ባክቴሪያ ወስደው፣ ፕላስሚድ የምትባል እንደ ቀለበት የተጠማዘዘች ትንሽ ዘረመል አስገብተውበታል። በእሷ ምክንያት ባክቴሪያው ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ይህንኑ ለንቦች በስኳር ውሃ አጠጥተዋል።

ሽማግሌው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። የመጀመሪያዋ ንብ አንጀት ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነበር።

«ወይ ጉድ!»

«አሁን ሁለተኛዋን ይዩ። ባክቴሪያውን እኩል ጠጥታለች፤ ኋላ ግን የእርስዎን መድኃኒት ሰጠናት።»

ረዘም ላለ ጊዜ አተኩረው አዩ። «ጨለማ ነው። መብራቱ ጠፋ እንዴ?»

«መብራቱ አለ፣ አጎቴ። የሞተው የሚያበራው ነው።»

ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። በአጥራቸው ሥር የተደረደሩት ባዶ ቀፎዎች ታወሷቸው። እስከዛሬ የረገሙት በሽታውን ብቻ ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አሉ። «ጀርም ግደል ሲሉኝ፣ የትኛውን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

«እነሱም አላወቁም ነበር።»

«እናንተስ ዛሬ ያላወቃችሁት ምን ይሆን?»

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ልጅቱም ልታድበሰብሰው አልፈለገችም።

«ብዙ ይኖራል። እንዲያበራ ያደረግነውም ለዚሁ ነው፤ የት እንደደረሰ፣ የትኛው እንደሞተ በዐይናችን እንድናይ። ገና ከዚህ ክፍል አይወጣም። ወደፊት ግን ንብን በገዛ ባክቴሪያዋ ከበሽታ መጠበቅ እንችል ይሆናል። እርስዎ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ያልታመመችን ንብ መድኃኒት አያጠጡ፤ ከተጠራጠሩም አስቀድመው ያስመርምሩ። ወዳጆቿ ይተርፋሉ፣ ማሩ ንጹሕ ይሆናል፣ መድኃኒቱም በሚያስፈልግበት ቀን አቅም አያጣም።»

«የቀረኝ ቀፎስ ይተርፋል?»

«አላውቅም፣ አጎቴ። ዘግይተናል።»

መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ቤታቸው ሲደርሱ በቀጥታ ወደ ቀፎው ሄደው ጆሯቸውን አስጠጉ። የሚሰማው እንደ ሕመምተኛ ትንፋሽ የሳሳ ነበር።

«የገደልኳችሁ» አሉ ሽማግሌው፣ «ስወዳችሁ ነው።»