የጋሽ ባዳቾ ፈቃድ ማደሻ

ሚኒባሱ ሻንቶ ላይ ሰው እስኪሞላለት ቆሞ ሳለ፣ ጠበቃው አቶ ባዳቾ ከጎናቸው የተቀመጠችውን ወጣት አወቋት። የጅምላ ነጋዴው የጠሃ ልጅ ከውሰር ናት፤ ሶዶ ውስጥ የበጀት ባለሙያ ሆና ትሠራለች።

«ጋሽ ባዳቾ፣ ደህና አደሩ? ወደ ፍርድ ቤት ነው?»

«የጥብቅና ፈቃዴን ልመልስ ነው፣ ልጄ። የማደሻው ጊዜ ዛሬ ያበቃል፤ ክፍያውን በአንዴ አራት እጥፍ አደረጉት። ሠላሳ ዓመት ችሎት ፊት የቆምኩት ለካ በኪራይ ነው!»

ከውሰር ፈገግታዋን በሻሿ ጫፍ ሸሸገች። «የነገው የዘነቡ ቀጠሮስ?»

አቶ ባዳቾ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። የተነካው ቁስላቸው ነበር። ዘነቡ የቦምቤ ዝንጅብል ገበሬ ናት፤ ባሏ ሲሞት መሬቷን ዘመድ በፍርድ ወሰደባት። ያኔ እሳቸው ታመው ስለነበር ወደ ሌላ ጠበቃ ላኳት። «ስሙን መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ፣ እመኚው» ያሏት ራሳቸው ናቸው። ሰውየው ግን ፈቃዱ ከተሰረዘ ቆይቶ ነበር፤ መዝገቡን ያስተካከለ አልነበረም። የይግባኙ ጊዜ በእጁ አለፈ። ነገ አቶ ባዳቾ የሚቆሙት ጊዜው ያለፈው ይግባኝ እንዲፈቀድላት ለመጠየቅ ነው፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ መቆም አይችሉም።

«መዝገቡን የሚያጸዳ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር» አለች ከውሰር ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የጭማሪውን ሒሳብ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከጠበቆች እስከ አሁን የሚሰበሰበው ለፈተናው፣ ለመዝገቡና ለአቤቱታ ማጣሪያው ከሚወጣው ሩቡን እንኳ አይሸፍንም።»

«የቀረውን መንግሥት ይችላላ!»

«መንግሥትስ ከማን ያመጣዋል? ዘነቡ ዝንጅብሏን ስትሸጥ ከምትከፍለው ግብር ነው። ለቦምቤ ጤና ጣቢያ መድኃኒት መሆን ሲገባው ለጠበቆች ፈቃድ ይውላል።»

«እናንተ የነጋዴ ልጆች! ከአባትሽ ሱቅ ዋጋ ሳያስቀንስ የሚወጣ ሰው የለም፤ አንቺ ለጭማሪ ትሟገቻለሽ።» ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ፈቃዴን ስታሳድስልኝ የኖረችው ዘነቡ ናት ማለት ነው?»

«እሷና መሰሎቿ፣ ጋሼ።»

ሚኒባሱ ተነሣ። ጥቂት እንደ ሄዱ አቶ ባዳቾ እንደገና ጀመሩ።

«ይሁን። ግን ቢጠና ከተማ ያለው ጠበቃ ደገፉ በወር ሁለት ጉዳይ ቢይዝ ነው። እሱን መሰሎቹ ሥራውን ቢተዉስ? ክፍያው ጨምሮ ከፋዩ ቢያንስ ገቢውም ይቀንሳል፤ ድሃውም ጠበቃ ያጣል።»

«እውነትዎን ነው። እኔም ለአለቆቼ ጽፌያለሁ፤ ለድሃ በነጻ ለሚቆም ጠበቃ ቅናሽ ይደረግ፣ ጭማሪውም ለመዝገቡ ሥራ ብቻ ይዋል ብዬ። የእኔ ድምፅ ግን ትንሽ ነው። ይህን የሚናገር አንጋፋ ጠበቃ ሲያስፈልገን እርስዎ ሊወጡ ነው።»

ይህን ብላ አቀረቀረች። ሶዶ ሲደርሱ አቶ ባዳቾ ቀድመው ወረዱ።

ፈቃድ በሚታደስበት ቢሮ ግን ከፍለው፣ ስለ ቅናሹ በእጃቸው ጽፈው ማመልከቻ አስገቡ። የመዝገቡ ሠራተኛ ሁለት ረዳት እንደተቀጠረላትና ከዛሬ ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች ስም በየወሩ ፍርድ ቤት በር ላይ እንደሚለጠፍ ነገረቻቸው። ዘነቡን የላኩበትን ሰው በመዝገቡ ፈለጉት፤ ስሙ ተሰርዟል።

ወጥተው ለዘነቡ ደወሉ።

«ጋሼ፣ ሥራውን ሊተዉ ነው ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ» አለች ዘነቡ።

«ነገ በሁለት ሰዓት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠብቂኝ። ፈቃዴን አሳድሻለሁ፤ በዚህ ዓመት ራሴ ነኝ የከፈልኩት።»

«ድሮስ ማን ይከፍልልዎ ነበር?»

አቶ ባዳቾ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገ ስንገናኝ እነግርሻለሁ፣ ልጄ። በሩ ላይ የተለጠፈውንም የጠበቆች ስም አብረን እናነባለን።»