የጎደለችው የካንዴላ ስባሪ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ባየሽ ኢያሱ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ በአረጋውያን መንከባከቢያ ረዳት
አድራሻ፦ ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ አፓርትመንት 204
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2018
ቃሉን የተቀበለው፦ የጣቢያው መርማሪ
በአማርኛ የጻፈችው፦ አስተርጓሚ ዮሐና ደረሰ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ትናንት እሑድ የመኪና መስታወት ሰብሯል ተብሎ ስለ ተያዘው ስለ ሆርዶፋ ኦዳ ለመናገር ነው። ዘመዴ አይደለም። ወዳጄም አይደለም። እንዲያውም አላምነውም ነበር፤ ይህም ይጻፍልኝ።

ሆርዶፋ በሳምንቱ ቀናት ብሩክሊን ፓርክ ባለ ዌርሃውስ፣ ማለት የዕቃ መጋዘን፣ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ የሐበሻ መኪና ይጠግናል። መኪናዬ ቼክ ኢንጅን የሚባለውን የብልሽት መብራት አብርታ እየተንዘፈዘፈች ስላስቸገረችኝ ካንዴላዋን እንዲቀይርልኝ ጠራሁት። ካንዴላ ማለት ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭር፣ ጫፉ ነጭ ሸክላ የሆነ ዕቃ ነው፤ ይህን የምናገረው መርማሪው ስለ ጠየቀኝ እንጂ እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። በእኛ ሰዓት ስምንት፣ በእነሱ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አፓርትመንታችን ፓርኪንግ መጣ።

እኔም ወንበር አውጥቼ ከመኪናዋ ፊት ተቀመጥኩ። ሟች ባለቤቴ አዲስ አበባ ታክሲ ነበረው፤ ጋራዥ በገባች ቁጥር ደህናው ዕቃ ወጥቶ አሮጌ ይገባባት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ሆርዶፋ «እትዬ ባየሽ፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጡ፤ ቤት ይግቡና ስጨርስ እደውላለሁ» አለኝ። ከአጠገቡ ሊያርቀኝ የፈለገው ያለ ነገር አይደለም ብዬ ወንበሬን ይበልጥ አስጠጋሁ።

ሦስቱን ካንዴላ ያለ ችግር ፈታ። አራተኛው ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሸክላው ከአንገቱ ተሰብሮ ብረቱ ሞተሩ ውስጥ ቀረ። እሱ «ዝጎ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለ፤ እኔ ግን ሆን ብሎ የሰበረው መሰለኝ። ስባሪዎቹን በመቆንጠጫ ከጉድጓዱ እየለቀመ ራዲያተሩ ላይ ባነጠፈው ጨርቅ ላይ አኖራቸው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ሊያመጣ ዞር ሲል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዷን ስባሪ አንስቼ በመሐረቤ ቋጠርኳት። ሌላ መካኒክ አይቶ እንዲፈርድልኝ ብዬ ነው።

ዘይቱን አፍስሶ ጠበቀ። ከዚያ ብረቱን ትንሽ ላላ፣ መልሶ ጠበቅ፣ እንደገና ላላ እያደረገ ምንም ሳይጎዳ አወጣው። እውነቱን ለመናገር እጁ ወርቅ ነው። አዲሱን ግን አላሰረም። መካኒክነት የተማረው አዳማ ነው፤ ጌታው «የሰበርከውን ሳትገጥም አዲስ እንዳታስር» ብሎ እንዳሳደገው እየነገረኝ ስባሪዎቹን ብረቱ ላይ አንድ በአንድ ገጣጠማቸው። አንድ ቦታ ክፍት ቀረ። «አንዷ ጎድላኛለች እትዬ። ሞተሩ ውስጥ ከወደቀች ሲሊንደሩን ትበላዋለች» አለ። መሬት ላይ ተኝቶ በባትሪ ፈለገ፤ ላብ አጠመቀው። እኔ ግን ስባሪዋን ማንሳቴን መናገር አፈርኩ፤ ደግሞም ዋጋ ሊቆልልብኝ የሚያስመስል መሰለኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር፣ ሲባል ነው ያደግኩት።

በመጨረሻ «ኦላና ጋ ስባሪውን ስቦ የሚያወጣ ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ አለ፤ ተውሼ ልምጣ። እስከዚያ እንዳያስነሱት» አለኝ። የጎደለችውን መጠን ለኦላና ሊያሳይ ስባሪዎቹን በሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ከተታቸው። ኦላና ጓደኛው ነው፤ የሚኖረው ከመንገዱ ማዶ ነው። በእነኦላና ፓርኪንግ መስታወቱ የተሰበረ መኪና እንዳለና ፖሊስ እንደ ቆመ እኔም እሱም አላወቅንም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከወንበሬ ሆኜ አይቻለሁ። ፖሊሱ አስቆመው፣ ፈተሸው፣ ነጩን ስባሪ ከኪሱ አወጣ። ሆርዶፋ «ካንዴላ! ካንዴላ!» ሲል ሰማሁ። እንግሊዝኛ መስሎት እኮ ነው! እኔም እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ ይመስለኝ ነበር፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቃል መሆኑን ዮሐና አሁን ነገረችኝ። ፖሊሱ «ካንድል» ያለ መስሎት ሻማ ነው እያለ ይዋሻል ብሎ እንደ መዘገበ ከመርማሪው ተረድቻለሁ። ለካ እዚህ አገር ሌባ የመኪና መስታወት የሚያረግፈው ይህንኑ የካንዴላ ሸክላ ስባሪ እየወረወረ ነው። ጉድ እኮ ነው!

ካቴና ሲገባለት በሆዴ «አላልኩም?» አልኩ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ ባየሽ! ሞተሩን እንዳያስነሱት! አንዷ አልተገኘችም!» ብሎ ጮኸ። እጁ ታስሮ ስለ እኔ ሞተር! እኔ ግን ወንበሬን አጥፌ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ጠዋት የሆርዶፋ ሚስት ኢቢሴ በሬን አንኳኳች። ሐሙስ የዜግነት ኢንተርቪው አለው፤ ክስ ከተከፈተበት የስንት ዓመት ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው። አልጮኸችብኝም። «እትዬ፣ እርስዎ ጋ አልነበረም እንዴ?» ብቻ አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

መርማሪው መስታወቱ የተሰበረው በእነሱ ሰዓት ከሁለት ተኩል በኋላ ነው ብሎ፣ ሆርዶፋ ፖሊሱ እስኪይዘው ድረስ ከዓይኔ ተሰውሮ እንደሆነ ጠይቆኛል። አልተሰወረም። ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም። የሚያምነው ሰው ቢሆን ስልኩን ሲነካካ ይውል ነበር፤ እኔ ስለማላምነው ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። ወደ ኦላና ሲሄድም ሰርቆኝ ይጠፋል ብዬ በዓይኔ ሸኝቼዋለሁ።

ሸክላው ከእኔ መኪና ለመውጣቱ ምን ማስረጃ አለ ተብዬም ተጠይቄያለሁ። መሐረቤን ፈትቼ ስባሪዋን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። መርማሪው ከሆርዶፋ ኪስ የተገኙትን በላስቲክ እንደ ታሸጉ አምጥቶ፣ ጓንት አጥልቆ ገጣጠማቸው። የእኔዋ ክፍቱ ቦታ ላይ ቁጭ አለች። ሸክላው ላይ የተጻፈው አረንጓዴ ቁጥር ግማሹ በእነሱ፣ ግማሹ በእኔዋ ላይ ነበር፤ አንድ ሆነ። ለካ ገንፎው ውስጥ ስንጥር የከተትኩት እኔው ነኝ። ዮሐና «ይሄ እንኳ ይቅር፣ ምስክርነት አይደለም» ብትለኝም ይጻፍ ብያለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዳኛ ፊትም ብቆም ይህንኑ እደግማለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ነገር ለምኛለሁ። ሆርዶፋ ትናንት ማታ ጠበቃ ትፈልጋለህ ወይ ሲባል መጀመሪያ የጠየቀው መኪናዋ ተነሥታ እንደሆነ ነው ብሎ መርማሪው ነግሮኛል። ስለዚህ በሩን ስትከፍቱለት፣ ከሁሉ በፊት ሞተሩ ውስጥ ምንም አልወደቀም በሉልኝ።

የምስክር ፊርማ፦ ባየሽ ኢያሱ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ዮሐና ደረሰ
የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)