ስሙ ያልተጠየቀ ዱቄት

የክንዴ ችፌ አልለቅ ቢለኝ ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ አዩርቬዳ ከሚባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና የመጣ ዱቄት ማታ በቅቤ ለውሰው ቀቡኝ። እኛ ዘንድ የመድኃኒት ስም አይጠየቅም፤ ከተጠራ ይረክሳል ይባላል። ጠዋት ክንዴን ተንተርሳ ያደረችውን የልጄን ፊት ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። የወፍ በሽታ ነው ብዬ አቅፌያት በባጃጅ ማርቆስ ሐኪም ቤት ደረስኩ። ነርሷ ጉንጯን በእርጥብ ጥጥ ስትጠርገው ቢጫው ለቀቀ።

«እርድ ነው እኮ! ዓይኗም ነጭ ነው፤ አይዞሽ» ብላ ሳቀች።

እኔም ልስቅ ስል ልጄ ክንዴን መላስ ጀመረች። ነርሷ ቀልጠፍ ብላ ነጠቀችኝ።

«የተቀባሽው ከእርዱ ሌላ ምን አለበት?»

አላውቅም። ለእትዬ ስንዱ ደወልኩ። «እትዬ፣ ዱቄቱ ምንድን ነው? ልጅቱ ልሳዋለች!»

 «ውይ ልጄ፣ እኔስ መች ጠየቅሁ?» አሉኝ።

ነርሷ ልጄን እንዳቀፈች ወደ ሐኪሙ ክፍል ሮጠች።