የጣውላ ዳገት

ወደ ዶካ የምትሄደው ሚኒባስ ገና ከሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ መውጣቷ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡት ሽማግሌ አናጢና ጎልማሳ ሰውዬ የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተዋወቁም።

«ጣሪያው ላይ ያለው ጣውላ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ አባባ።»

«ለበር ነው?»

«ለልጄ ነው። ግቢ ውስጥ ዘመም አድርጌ አቆመውና መጨበጫ እንጨት በብሎን አስርበታለሁ፤ እየቧጠጠች ትወጣዋለች።»

«ወጥታ ምን ልታገኝ?»

«ስለ ጎንደር ሳወራላት ዓረብኛ ቀላቅላ ‹አባዬ፣ ዳገት ያዕኒ ምንድን ነው?› አለችኝ። አሥር ዓመቷ ነው። ሜዳ ላይ ተወልዳ ከየት ታምጣው? በአፌ ከምነግራት በእግሯ ትወቀው ብዬ ነው።»

«ደግ አስበሃል። ግን ሲጭኑት አይቼዋለሁ፤ ችፑድ ነው፣ የተጨመቀ ሰጋቱራ። ዝናብ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ብሎንም አይይዝም። ልጅቷን ይጥልብሃል።»

«ነጋዴውን ኮምፔንሳቶ ስጠኝ ብዬው ነው እኮ! እሱም ‹ጠይብ›፣ እሺ ብሎ ጫነልኝ።»

«እዚህ ኮምፔንሳቶ ብትል ማን ያውቅልሃል? አብላካሽ በለው። ወፍራሙን፣ ጎኑን ስታየው ድርብርብ የሆነውን።»

«አብላካሽ።»

«አዎ። በሌላ ቀን ትለውጠዋለህ።»

«ምን ሌላ ቀን አለ? በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ! ወራጅ አለ!»

ሚኒባሷ ቆመች፤ ሰውዬው ጣውላውን አናቱ ላይ ተሸክሞ ወደ ገበያው ተመለሰ።

ቤት ስገባ እዚሁ ሜዳ ላይ የተወለዱትን ልጆቼን «ዳገት ምንድን ነው?» ብዬ ልጠይቃቸው አሰብኩና ፈራሁ።