የክታቡ ስፌት

ሱዳን፣ ኦምዱርማን ገበያ፣ ከሐጃ ሲተና የሻይ ምድጃ አጠገብ አረፍ ባልል ኖሮ ይህን ክርክር ባልሰማሁት ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት፣ ሰው ሁሉ «ዓም» (አጎት) የሚላቸው ስር አልኸቲም፣ አርባ ዓመት ፎቶ ቤት የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ስማቸው ሳይታወቅ የሚቀበሩትን ሰዎች ልብስና ንብረት ፎቶ እያነሱ፣ ዘመድ እንዲለየው በኢንተርኔት ገጽ ላይ ያወጣሉ። ገጹን የምትሠራላቸው ኢብቲሃል ናት፤ ኮምፒውተር ተምራለች።

«ዓሚ፣ ፎቶዎቹ ለኔትወርኩ ከብደዋል፤ ላሳንሳቸው» አለች፣ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ።

«ልጄ፣ ስሙን አጣ፣ የሚቀብረው ወገን አጣ። ጭራሽ ፎቶውንም ልቀንስበት?»

እውነት ለመናገር እኔም በልቤ ለሽማግሌው ፈረድኩ። ተምሬያለሁ ባይ ነኝ እኮ!

ኢብቲሃል ግን አልተቆጣችም። ገጹ ቶሎ የሚከፈተው የሳተላይት ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ ብቻ መሆኑን አስረድታ፣ በስልካቸው እዚሁ እንዲሞክሩት ለመነቻቸው። ሞከሩ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ገጹ ላይ ካሉት አርባ ፎቶዎች አንዱ እስከ ግማሽ መጥቶ ቆመ፣ የቀረው ባዶ ሳጥን ነው።

«ኔትወርኩ ነው» አሉ።

«እናቶቹም ያላቸው ይኸው ኔትወርክ ነው፣ ዓሚ።»

ሽማግሌው በቀላሉ የሚረቱ አይደሉም። እናት ልጇን የምትለየው በአንዲት ቁልፍ፣ በአንዲት ስፌት ነው፤ ካነሰ ይደበዝዛል ሲሉ ተከራከሩ። ልጅቱም የአንድ የቆዳ ክታብ ፎቶ አወጣች። ደረጃ በደረጃ አሳነሰችው፤ የተሰፋበት አረንጓዴ ክር ሲደበዝዝ አንድ እርምጃ ተመለሰች። ከዚያ ሁለቱን በእኩል ስፋት ጎን ለጎን አድርጋ ዋናው የቱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው የጠቆሙት ያሳነሰችውን ነበር። በኔትወርክ የሚጓዘው ክብደቱ ግን የዋናው አንድ ሃምሳኛ ብቻ ነው። ዋናውም እንደማይጠፋ፣ ለጠየቀ ሁሉ ተቀምጦ እንደሚቆይ ነገረቻቸው።

ብርጭቆ ሊሰበስቡ የመጡት ሐጃ ሲተና ከኋላችን ቆመው ኖሯል።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«ገጹ ላይ ነው፣ ሐጃ። ከወጣ አራት ወሩ» አለች ኢብቲሃል።

«ገጹን በየቀኑ አየዋለሁ። ባዶ ሳጥን ነው። ባዶ ከሆነ ልጄ የለበትም ብዬ...» መሬት ተቀመጡ። «ጥቁር ክር አጥቼ በአረንጓዴ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ዓም ስር አልኸቲም ፊታቸውን በጥምጣማቸው ሸፈኑ። ሐጃ ስለ ልጃቸው በጠየቋቸው ቁጥር ሽማግሌው «ገጹን እዪው» ሲሏቸው፣ ሐጃም «አየሁት፣ የለም» ሲሉ ኖረዋል። ሁለቱም አልዋሹም። እኔም ለሽማግሌው በመፍረዴ አፈርኩ።

«ሁሉንም አሳንሺ፤ ዛሬውኑ» አሉ ሽማግሌው።

በዐሥር ቀን ውስጥ ሰባት ቤተሰቦች ሙታናቸውን ለዩ። ሰው እርሙን አወጣ፤ መቃብርም ስም አገኘ። እናንተም ለሕዝብ ገጽ የምትሠሩ፣ ሥራችሁን በቢሯችሁ አትፈትኑት፤ በድሃው ስልክ ፈትኑት።

ዛሬ ማንኛውም ፎቶ ከመውጣቱ በፊት በሐጃ ሲተና አሮጌ ስልክ ይሞከራል። ከምድጃው አጠገብ ይዘውት ይጠብቃሉ። ሲከፈት «ወጥቷል» ይላሉ፣ ከዚያም ላላወቁት ሰው «ነፍሱን ይማር» ብለው ሻያቸውን ይቀዳሉ።